የተረፈው ማኅፀኔ

የመጀመሪያ ልጄን የወለድኩት ሆዴ ተቀዶ ነው። በዚያን ጊዜ ነቀምት ውስጥ በኦፕራሲዮን ወልዳ በእግሯ የምትሄድ ሴት እንደ ጉድ ነበር የምትታየው። ገበያ ስወጣ ሴቶቹ በክርናቸው እየተጎሻሸሙ «እሷ ናት» ይባባሉ ነበር። እኔ ግን ብዙ አልከፋኝም። ልጅቷ ጤነኛ ነበረች፤ ስታለቅስ ሰፈር የምትቀሰቅስ፣ ጉንጯ የሞላ። ከእምብርቴ በታች የወረደውን ጠባሳ ደግሞ ቀሚስ ይሸፍነዋል። አለቀ ብዬ ነበር።

አባቴ ከጉራጌ አገር ገና ጎረምሳ ሳለ ጨርቅ ተሸክሞ የመጣ ነጋዴ ነው። እኔ ነቀምት ተወለድኩ። ቤት ውስጥ ጉራጊኛ፣ ከደንበኛ ጋር አማርኛ፣ መንገድ ላይ ኦሮምኛ እየተናገርኩ አደግሁ፤ የትኛው የአፌ መፍቻ እንደሆነ ዛሬም ቢጠይቁኝ አላውቀውም። ደርግ ከመጣ በኋላ የአባቴ ሱቅ እየመነመነ ሄደ፤ እኔም ባኬ ጃማ ሰፈር በነበረው የቀበሌ ኅብረት ሱቅ ተቀጥሬ ስኳርና ሳሙና በኩፖን እሰፍር ጀመር። ባሌ የአገሩ ልጅ ነው፤ አስተማሪ። አብረውን የሚኖሩት እናቱ ጴንጤ ናቸው። ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ እኛ ቤት ከጥቂት ሴቶች ጋር በር ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልዩ ነበር። እንደ አገሩ ወግ «አዮ» እላቸዋለሁ፤ እናቴ እንደማለት ነው። እሳቸውም እኔን «ኢንታላ ኮ»፣ ልጄ፣ ይሉኛል። ክፉ ሴት አልነበሩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የምለው ነገር እንዳያሳስት ብዬ ነው።

አዮ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው። ታላቁ ወደ ምሥራቅ ዘምቶ በዚያው ቀረ። የቀራቸው ባሌ ብቻ ነው። ልጄ የተወለደች ዕለት ታቅፈዋት አለቀሱ፣ አመሰገኑ፣ ከዚያም ሳይውል ሳያድር «ታናሿ ወንድ ይሆናል» አሉኝ። የሆዴ ስፌት ገና አልደረቀም ነበር።

ልጅቷ እየሮጠች ከጎረቤት ልጆች ጋር መጫወት ስትጀምር ባሌ ወደ አርጆ ተዛወረ። መኪና ሲገኝ ቅዳሜ ይመጣል፣ ሳይገኝ ይቀራል። በዚያው ሰሞን የወር አበባዬ ቀረ። ደስ አለኝ፤ ልጄ ወንድም ሆነ እህት ታገኛለች ብዬ ደስ አለኝ። ደስታው ግን አልበረከተም። ትንሽ ትንሽ ደም ይታየኝ ጀመር። ከጠባሳው ሥር ደግሞ፣ ጎንበስ ስል፣ አንድ ነገር በመርፌ እንደሚወጋ ይወጋኛል።

ለአዮ ነገርኳቸው። «ወንድ ነው እንዲህ የሚያስቸግረው» አሉና ፊታቸው በራ።

ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተሯ «ፅንሱ ሊወርድ እያስፈራራ ነው፤ ሂጂና ተኚ፣ ከባድ ነገር አታንሺ» አለችኝ። ለቀበሌው ሊቀመንበር ይህንኑ ብነግረው «ጓዲት፣ ሰፊው ሕዝብ ተሰልፎ ቆሞ አንቺ ተኝተሽ?» አለኝ። ሳቀም። ተመልሼ ከሚዛኑ ኋላ ቆምኩ።

ስኳር የመጣ ዕለት ነው። ሰልፉ መንገዱን ይዞ እስከ ታች ወርዷል። አንዲት ገበሬ የምትመስል ሴት ዘንቢሏን ዘርግታልኝ ስኳሩን ልገለብጥላት ስል እግሬ ላይ ሙቅ ውኃ የፈሰሰ መሰለኝ። ዝቅ ብዬ አየሁ። ነጠላ ጫማዬ በደም ተሞልቷል። ሴትዮዋ ዘንቢሏን ጥላ «ዲጋ! ዲጋ!» ብላ ጮኸች፤ ደም፣ ደም። ከዚያ የሚዛኑ እንጨት ጥግ ሲመታኝ አስታውሳለሁ።

ወደ አኖ በቆሎ ይዞ ሊሄድ የተዘጋጀ ኤንትሬ የጭነት መኪና መንገድ ዳር ቆሞ ነበር። ሾፌሩ መጀመሪያ አጉረመረመ፤ ወዲያው ግን ራሱ ወርዶ ሸራውን ጆንያው ላይ ዘረጋልኝና ተሸክሞ አወጣኝ። አባቴ ከሱቁ በባዶ ራሱ ሮጦ ደረሰ። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ሸራው ላይ የተጠራቀመው ደም በመኪናው ስንጥቅ ወደ ጎማው እንደሚንጠባጠብ ሰዎች ሲነጋገሩ ሰማሁ።

የተቀበለኝ ጤና መኮንን እንደማንኛውም ውርጃ ነው ያየኝ። እኔም ብሆን እንደዚያው ነበር የማስበው። የቀረውን ለማፅዳት ገባ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የባሰው። ደሙ ቧንቧው እንደተሰበረ ውኃ ሆነ። የሰውዬው ፊት አመድ ሲለብስ አየሁት፤ «ዶክተሩን ጥሩ! ሩጡ!» አለ።

ዶክተሩ ከአዲስ አበባ ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ኦሮምኛ አያውቅም። ሲገባ ሰላምም አላለ፤ ፋሻ እየጠቀለለ አስገባ፣ በአንድ እጁ ከውስጥ በሌላው ከሆዴ በላይ ይዞ ጨመቀ። እንደዚያ ይዞ ቆሞ ነው የሚጠይቀኝ።

«ከዚህ በፊት በኦፕራሲዮን ወልደሻል?»

«አዎ።»

«ከዚህ ሁሉ በፊት ሕመሙ የት ነበር?»

«ጠባሳዬ ሥር።»

የሆድን ውስጥ የሚያሳይ መሣሪያ ያኔ ነቀምት አልነበረም፤ በጣቱና በጭንቅላቱ ነው የሚመረምረው። ከዚያ ለጤና መኮንኑ፣ እኔ እንደማልሰማ ሁሉ፣ እንዲህ አለው፦ «ሆዷ ላይ የምታየው ጠባሳ የላዩ ነው። ማኅፀኗም ላይ ሌላ ጠባሳ አለ። ፅንሱ ያን ጠባሳ ሰርስሮ ገብቶ እዚያ ነው የተተከለው። ቦታው ስስ ነው፤ ሥጋው ተኮማትሮ ደሙን ሊዘጋ አይችልም። ስታፀዳ እሱን ነው የከፈትከው። አንብቤ አውቃለሁ እንጂ አይቼ አላውቅም።»

ደሙ በፋሻው ትንሽ ጋብ አለ። ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ሊወስዱኝ አልጋውን ኮሪደር አወጡት። አባቴና አዮ እዚያ ቆመዋል። አዮ እግራቸው ባዶ ነው፤ ከቤት እንደወጡ ነው የመጡት። ዶክተሩ በመካከላችን ቆሞ እጁን በፎጣ እየጠረገ ተናገረ።

«መንገዱ ሁለት ነው። አንዱ ማኅፀኗን ማውጣት ነው። ቶሎ ያልቃል፣ ደሙም ይቆማል፤ ከእንግዲህ ግን አትወልድም። ሌላው ፅንሱን ከነጠባሳው ቆርጦ አውጥቶ ማኅፀኑን መልሶ መስፋት ነው። ይህኛው ረጅም ነው። ደም ይፈልጋል። እንደገናም ሊደማ ይችላል። ባልየው የት ነው? ፈቃድ ያስፈልገኛል።»

«አርጆ ነው» አለ አባቴ። «ዛሬ አይደርስም።»

እኔ ሁሉንም ሰምቻለሁ። ከንፈሬ ደንዝዟል እንጂ ልቤ እዚያው ነበር። «ዶክተር» አልኩት። አልሰማኝም። የነጭ ልብሱን ጫፍ ያዝኩ። «ዶክተር፣ ያውጡት። ልጅ አለችኝ። እሷን ላሳድግ፣ እሷ ትበቃኛለች። ያውጡት።»

ጎንበስ ብሎ አየኝ። እጄን ከልብሱ ቀስ አድርጎ አላቀቀና «አይዞሽ፣ አትናገሪ፣ ድካም ነው» አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ አዮን አያቸው።

ነርሷ የአገሩ ልጅ ናት፤ የዶክተሩን ቃል በኦሮምኛ ነገረቻቸው። አዮ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከኩ። እኒያ ለባለሥልጣንም ለባላባትም ያልተንበረከኩ፣ ለጸሎት ብቻ ይንበረከኩ የነበሩ ሴት፣ የዚያን ወጣት ጉልበት አቅፈው «ያ ኢልማ ኮ! ማና ኮ ናራ ሂን ጩፊን!» አሉ።

«ምን አሉ?» አለ ዶክተሩ።

«ማኅፀኑን እንዳያወጡት ነው የሚለምኑት» አለች ነርሷ።

ያሉት ግን እሱን አልነበረም። «ልጄ ሆይ፣ ቤቴን አትዝጋብኝ» ነው ያሉት። እኔ ሁለቱንም ቋንቋ ስለማውቅ ልዩነቱ ገባኝ። እዚያ ኮሪደር ላይ የሚታያቸው እኔ ሳልሆን የቤታቸው በር ነበር።

አባቴ «እኔ የማውቀው በሕይወት እንድትነሣልኝ ነው» አለ። ግን ቀስ ብሎ ነው ያለው፤ ደግሞም የሴት ጉዳይ ነው ብሎ አፍሯል፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነው። አዮ በጣታቸው ፈረሙ። ጣታቸው በቀለም ሲነከር አየሁ፤ ከዚያ ጣሪያው መሄድ ጀመረ።

የነቃሁት ወይ ሰመመኑ ሲለቀኝ፣ ወይ ገና ሳይለቀኝ ነው። ዓይኔን መክፈት አቅቶኛል፣ ጆሮዬ ግን ተከፍቷል። ጎረቤቶች መጥተው በር ላይ ከአዮ ጋር ይነጋገራሉ። የአዮ የጸሎት ባልንጀራ የሆነች ሴት ድምፅ ነው መጀመሪያ የሰማሁት።

«ገዳሜሲ ኢሼ ሆ፣ ኒ ጅራ?»

ማኅፀኗስ፣ አለ? ነው የምትለው።

«ጅራ፣ ጅራ፣ ዋቀዮ ኒ ጅራ!» አሉ አዮ። አለ፣ አለ፣ እግዚአብሔር አለ። ሴቶቹም እልል አሉ፤ ነርሷ ተቆጥታ አስወጣቻቸው። ስለ እኔ ተጠይቆ ይሆናል፤ ከዚያ በፊት ተጠይቆ ይሆናል። እኔ የሰማሁት ግን ይህን ነው።

ደም የሰጡኝ አባቴና ከሱቁ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጥ አንድ ሙስሊም የአባቴ አገር ሰው ናቸው። ያም ሰው እስኪሞት ድረስ ሲያየኝ «ደሜ፣ እንዴት ነሽ?» ይለኝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ነገር ውስጥ ሳስታውሰው ፊቴ የሚፈታው እሱን ብቻ ነው።

ባሌ በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ማር በቆርቆሮ ይዞልኝ መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጄን ያዘና አለቀሰ፤ ደግ ሰው ነው፣ እንባው ቅርብ ነው። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ» አለኝ።

ተረፈ አለኝ። ተረፍሽ አላለኝም።

ምናልባት እንደ ዋዛ ያለው ነው። ምናልባት እኔ ነኝ ቃል የምለቃቅም። ግን አስተማሪ ነው፤ ተማሪ ወንዴና ሴቴ ሲያምታታ በቀይ እስክሪብቶ የሚያርም ሰው ነው።

ከዚያ ትኩሳት መጣ። ስፌቱ መገለ። በየጠዋቱ ድሬሰሩ ፋሻውን ሲነቅል ጥርሴን ነክሼ ጣሪያው ላይ ያለውን የዝናብ እድፍ አያለሁ። እንደገና ደማሁ፤ እንደገና ወሰዱኝ፤ እንደገና «ማኅፀኑ ደህና ነው» ተባለ። ልጄን ወደ ውስጥ ስለማያስገቡልኝ አባቴ በመስኮቱ በኩል ከፍ አድርጎ ያሳየኝ ነበር። አንድ ቀን እንዲሁ ከፍ ሲያደርጋት አየችኝና ፊቷን አዙራ አንገቱ ሥር ደበቀች። ከስቼ፣ ጸጉሬ ረግፎ፣ አላወቀችኝም። ስለሞተው ፅንስ ደግሞ ማንም ምንም አላለኝም። ለወረደ ፅንስ ለቅሶ የለም፤ ድንኳን አይተከልም፣ ማንም «እግዜር ያጽናሽ» አይልም። እኔ ግን ያን ልጅ ፈልጌው ነበር። ትክክለኛ ቦታው ጠፍቶት ቁስሌ ውስጥ የተኛ ልጅ። ብቻዬን፣ ብርድ ልብሱን አፌ ላይ ይዤ አለቀስኩለት።

ልወጣ ስል ዶክተሩ ቢሮው አስጠራኝ። ሻይ አስመጣልኝ። በእኔ ጉዳይ ደስ ብሎት እንደነበር ያስታውቅ ነበር፤ አስቸጋሪ ግንድ ፈልጦ ላቡን እንደሚጠርግ ሰው።

«ሁለት ዓመት እንዳታረግዢ» አለኝ። «ከዚያ ብታረግዢ ወዲያውኑ፣ ሆድሽ ሳይታይ፣ አዲስ አበባ ሂጂ። መውለድም በኦፕራሲዮን ብቻ ነው። እንዳያሳስቱሽ። ቦታው እንደገና ሊከፈት ይችላል።»

«ቢከፈት ምን ይሆናል?»

ስኳሩን አማሰለ።

«ዶክተር፣ ያውጡት ብዬዎት ነበር» አልኩት።

ማንኪያው ቆመ። «ብዙ ደም ፈሶሽ ነበር። እንደዚያ ያለ ሰው የሚለው አይያዝም።»

«የምለውን አውቅ ነበር።»

«ስሚኝ» አለ፤ አልተቆጣም፤ እንደ ወንድም ነው የሚናገረው። «ገና ወጣት ነሽ። ማኅፀኗ የወጣ ሴት በዚህ አገር ምን እንደሚደርስባት ታውቂያለሽ? ባልሽ ይፈታሻል። ለአንቺ ብዬ ነው ያን ያህል የደከምኩት። ሌላው ቢሆን አንስቶ ጥሎ ይሄድ ነበር።»

እውነቱን ነበር። ስለ አገሩ ያለው ሁሉ እውነት ነበር። እሱም የደከመው እውነት ነው። እንግዲህ ምን እላለሁ? «እግዜር ይስጥልኝ» ብዬ ወጣሁ። ከዓመት በኋላ ከነርሷ እንደሰማሁት፣ አዲስ አበባ በሐኪሞች ስብሰባ ላይ የእኔን ነገር ተናግሮ ተጨብጭቦለታል። ብዙም ሳይቆይ ወደዚያው ተዛወረ።

ዶክተሩ ከተናገረው ሁሉ ቤታችን የገባው አንዱ ብቻ ነው፦ ትወልዳለች። «ሁለት ዓመት» የተባለውን ባሌ እንደ ቀጠሮ ያዘው። «ሊከፈት ይችላል» የተባለውን ማንም አልሰማም። አዮና የጸሎት ባልንጀሮቻቸው በሳምንት አንድ ቀን መካከላቸው ያስቀምጡኝና እጃቸውን ሆዴ ላይ ጭነው ይጸልያሉ። ፊቴን የሚያይ አልነበረም። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጠባሳዬን በመዳፋቸው እየተጫኑ ያመሰግናሉ። ያመኛል፤ አልናገርም። አንድ ጊዜ ብቻ «እጃችሁ ይከብዳል» አልኳቸውና አንዷ «የመንፈስ ነው» አለችኝ።

ጊዜው ሲደርስ የእርግዝና መከላከያ ልለምን ክሊኒክ ሄድኩ። ያችው ሲስተር ናት። «ባልሽን ይዘሽ ነይ፤ ያለሱ አይሰጥም» አለችኝ። ባሌን ብጠይቀው ተደነቀ እንጂ አልተናደደም።

«ታዲያ ለምን ተረፈ?» አለኝ።

«እኔ ልሙትልህ?»

«ለምን ትሞቻለሽ? አዲስ አበባ እንሄዳለን። ዶክተሩ ትወልዳለች ብሏል።»

«ሌላም ብሏል።»

«አንቺ ክፉ ክፉውን ነው የምትሰሚው» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ ስንት ዓመት ትኖራለች? አንድ ወንድ ልጅ፣ የወንድሜን ስም የሚይዝ። ይህ ብዙ ነው?»

ብዙ ነው ብለው ይገባው ነበር? ልጄ አልጋው ላይ ተኝታለች። እሷን አቅፌ መተኛት ጀመርኩ። ቅዳሜ ሲመጣ እንግዳ እንደመጣ ውኃ አሞቅለታለሁ፣ ምግብ አቀርባለሁ፣ ከዚያ ወደ ልጄ አልጋ እሄዳለሁ። አልደበደበኝም፤ አልሰደበኝም። መምጣቱን ቀነሰ። ከዚያ መኪና ጠፋ እያለ ተወው። አርጆ ላይ ከአንዲት ሴት ጋር ቤት እንደመሠረተ የነገረኝ የራሱ ባልደረባ ነው፤ ውለታ የዋለልኝ መስሎት እየተቅለሰለሰ።

ያው ሆነ እንግዲህ። ዶክተሩ ማኅፀኔን ያዳነልኝ ባሌ እንዳይፈታኝ ነበር። ባሌ የተወኝ ማኅፀኔ ስላለ ነው። ባይኖር ኖሮ ምናልባት አዝኖልኝ አብሮኝ ይኖር ነበር፤ ደግ ሰው ነው ብያለሁ። እያለ መከልከሉ ነው የከበደው።

አዮ ከልጃቸው ጋር አልሄዱም። «ያቺ ሴት አታውቀኝም» አሉ። እውነተኛው ምክንያት ልጄ ናት፤ ያለሷ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። እኔም ውጡ አላልኳቸውም። ቤቱ የቀበሌ ነው፤ ኪራዩን እኔ ነኝ የምከፍለው፤ ሁለታችን አንድ ጎመን እየቀነጠስን፣ አንድ ማሾ እያበራን ኖርን። አንዳንድ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ «ሐኪሙ ሊያወጣው ነበር፤ ጉልበቱን ይዤ ያስተረፍኩላት እኔ ነኝ» ሲሉ እሰማለሁ። በኩራት ነው የሚሉት። ስጦታ የሰጡኝ ነው የሚመስላቸው። እኔ ደግሞ በየወሩ ደሜ ሲመጣ ያ ጠባሳ እንደ አዲስ የተከፈተ ያህል ያመኛል፤ ጎኔን ይዤ እቀመጣለሁ፤ እሳቸው ጨርቅ አሙቀው ሆዴ ላይ ያደርጉልኛል። በሰላም ያደርጉልኛል፤ እጃቸው ያኔ አይከብድም።

ሕመሙ ሲብስብኝ በሌላ ጊዜ ሌላ ሐኪም አየኝ፤ ሸምገል ያለ። መርምሮኝ ጓንቱን እያወለቀ «ማን ነው የሰፋሽ? ባለሙያ ነው። ማኅፀንሽ ምንም አልሆነም» አለኝ።

«ሊያወጡልኝ ይችላሉ?»

«ጤነኛ ማኅፀን አይወጣም፤ እመቤት» አለኝና ማስታገሻ ጻፈልኝ።

ከአርጆ ወሬ ሲመጣ አባቴ ነበር የሚያመጣው። ያቺ ሴት ወለደች፤ ሴት። ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ወለደች፤ ሴት። ሁለተኛውን ሲሰሙ አዮ በረንዳው ላይ ባቄላ እየለቀሙ ነበር። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቀረ። ከዚያ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ውስጥ ያ ድሮ የማውቀው ብርሃን መጣ።

«ኢንታላ ኮ» አሉኝ፣ «አንቺ እኮ ገና አላረጀሽም። እሱን ላስጠራው?»

ሳቄ መጣ። ሳቅሁ፤ እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ጠባሳዬን በእጄ ደግፌ ሳቅሁ። አዮ ደንግጠው ያዩኛል። ልጄ ከውስጥ ወጥታ «እማዬ ምን ሆነሽ ነው?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። «አያትሽ ናቸው ያሳቁኝ።»

አዮ ሰፌዳቸውን ወደራሳቸው ሳብ አድርገው ነቀዝ የበላውን ከደህናው መለየት ቀጠሉ፤ እኔም አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ለቀምኩ።